ኮርኒስ ኢንሱሌሽን አይደለም

አዲስ አበባ ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች ቀን ይግላሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ደግሞ ብርዱ አያስተኛም። ብዙዎቻችን «ኮርኒስ አለን እኮ» እንላለን። ቀጭን ኮርኒስ ግን ቆርቆሮውንና እንጨቱን ይሸፍናል እንጂ ሙቀት ብዙም አይዝም። ኢንሱሌሽን የሚባለው ሙቀትና ብርድ በቀላሉ እንዳያልፍ ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው ፋይበርግላስ (ከቀጫጭን የመስታወት ክሮች የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ወይም ፎም ነው። የሚሠራውም አየር በውስጡ አፍኖ በመያዝ ነው። በፋይበርግላሱ መሀል ነፋስ ካለፈ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳ ይደፈን፤ የመብራት ገመድ የሚያልፍበት፣ ኮርኒሱና ግድግዳው የሚጋጠሙበት። የጣሪያው መተንፈሻ ግን ይተው፤ ከተዘጋ እርጥበት ይጠራቀምና እንጨቱ ይበሰብሳል። አደራ፣ እንዲህ በተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ጭስ ባይታይም ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ይገድላል።