ቻቲስታ ምንድን ነው? ግጥም እየገጠሙ የሚጋጠሙት ቆጵሮሳውያን

አማርኛችን «ገጠመ» ከምትለው ሥር ብዙ ነገር ያወጣል። አናጺ ሁለት ጣውላ ይገጥማል፣ ባለቅኔ ስንኝ ይገጥማል፣ ሁለት ጎበዞች ደግሞ ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ። በሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ጫፍ በምትገኘው በቆጵሮስ ደሴትም ይህን ሁሉ ባንድ የያዘ ቃል አለ፤ ቻቲስታ ይሉታል። «ቲ» ጠብቃ ትነበባለች። ቃሉ የመጣው ከቱርክኛው «ቻትማክ» ሲሆን፣ እሱም እንደኛው «ገጠመ» ማጋጠምም፣ ከሰው ጋር መጋጨትም ነው። ቆጵሮሳውያን ቃሉን ወስደው የግጥም ስም አደረጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ገጣሚዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አጠገባቸው ቫዮሊንና ላውቶ አለ፤ ላውቶ ረጅም አንገት ያለውና በጣት ሳይሆን በመምቻ የሚመታ ባለክር መሣሪያ ነው። አንደኛው ሁለት ስንኝ በዜማ ይወረውራል። ሌላው ያንኑ ሐሳብ ተቀብሎ፣ አጣሞ ወይም ገልብጦ፣ በሁለት ስንኝ ይመልሳል። ማንም ቀድሞ የጻፈው ነገር የለም፤ ሁሉም እዚያው፣ ሰው እየሰማ የሚፈጠር ነው። ቀድሞ ቃል ያጣ ወይም ቤት መምታት ያቃተው ይረታል። ፈራጁ በውድድር ላይ ዳኛ ነው፤ በሠርግ ላይ ግን የሕዝቡ ሳቅና ጭብጨባ ይበቃል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የተለመደው የቻቲስታ ስንኝ 15 ቀለም፣ ማለትም 15 የድምፅ ምት፣ አለው። መጀመሪያ 8 ቀለም ያለው ሐረግ ይመጣል፣ ትንሽ ይታረፋል፣ ከዚያ 7 ቀለም ያለው ሐረግ ይከተላል። ሁለቱ ስንኞች መጨረሻቸው ላይ ቤት ይመታሉ። በ8፣ በ6 ወይም በ9 ቀለም የሚገጥምም አለ፤ 15 ግን ዋናው ነው። የኛ የተለመደው የግጥም ልክ፣ ወል ቤት የሚባለው፣ 6 እና 6 ሆኖ 12 ስለሚደርስ፣ ቆጵሮሳዊው ገጣሚ በአንድ ትንፋሽ ከኛ ገጣሚ ትንሽ ራቅ ብሎ መሄድ አለበት ማለት ነው።

መልሱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት እኔው ራሴ በአማርኛ ምሳሌ ልግጠም። አንደኛው እንዲህ አለ እንበል፦

ዋና ሳትማር ገብተህ ከባሕሬ፣
ማን ያወጣሃል ስትሰምጥ ዛሬ?

ሁለተኛው ስለ ፈረስ ወይም ስለ ወይን ቢመልስ አይሆንም፤ ሰው «ሸሸ» ይለዋል። ባሕሩን ራሱን መያዝ አለበት፦

ባሕሬ ያልከው ኩሬ ነው ለካ፣
ገብቼ ወጣሁ፣ ጉልበት አልነካ።

ቻቲስታን ቻቲስታ የሚያደርገው ይኼ ነው። የቃላት ድርደራ ሳይሆን የሌላውን ነገር ከእጁ ነጥቆ መልሶ ለራሱ ማቅረብ። ስለዚህ ጥሩ ገጣሚ ከመናገሩ በፊት ጥሩ ሰሚ ነው።

ዜማውስ? እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ገጣሚው ዜማ አይፈጥርም፤ ግጥሙን የሚያፈስበት ቀድሞ የሚታወቅ ዜማ አለ። ዜማውን «ፎኒ» ይሉታል፣ ድምፅ ማለት ነው። ፎኒዎቹ ብዙውን ጊዜ ስማቸውን ከአገር ይወስዳሉ፤ ከጳፎስ የመጣ የጳፎስ ፎኒ፣ ከአቭጎሩ መንደር የአቭጎሩ ፎኒ፣ በሰሜን ምሥራቅ እንደ ጣት ከተዘረጋው ልሳነ ምድር የካርፓስያ ፎኒ ይባላል። አንድ ቆጵሮሳዊ ቫዮሊኑ ሲጀምር ገና ቃል ሳይሰማ የየት አገር ድምፅ እንደሆነ ያውቃል።

ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ የስም ነገር ሌላ ክብደት አግኝቷል። በዚያ ዓመት የቱርክ ጦር ገብቶ ደሴቲቱ ስትከፈል ካርፓስያ በሰሜኑ ክፍል ቀረች፤ አብዛኞቹ ግሪክኛ ተናጋሪ ነዋሪዎቿም ቤታቸውን ትተው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። የካርፓስያ ፎኒ ግን አብሯቸው ተሻገረ፤ ዛሬም በደቡብ ይዘፈናል። ስለ ቆጵሮስ ሙዚቃ ሳስብ ይህ ዜማ ከሁሉ በፊት ይመጣብኛል።

ክፍፍሉ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ቻቲስታ የግሪኮቹ ብቻ አልነበረም። ግሪኮችና ቱርኮች ተቀላቅለው በሚኖሩባቸው መንደሮች ግሪክኛውን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ቱርክ ቆጵሮሳዊም ከጎረቤቱ ጋር ይጋጠም ነበር። ዜማም ይጋሩ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ካለችው ከቲሊሪያ አካባቢ ስሙን የወሰደ አንድ የታወቀ ዘፈን አለ፤ ግሪኮቹ «ቲሊርኮቲሳ»፣ ቱርኮቹ «ዲሊርጋ» ይሉታል። ቃሉ ይለያያል፣ ዜማው አንድ ነው። ሠርግ ላይ ፊት ለፊት ቆመው የሚጨፍሩት ካርሲላማስም የሁለቱም ነው፤ ስሙ ራሱ «ፊት ለፊት» ከሚለው የቱርክ ቃል የወጣ ነው።

የቻቲስታ ቤቱ ድግስና ዐውደ ዓመት ነው። በቆጵሮስ ሠርግ ሙሽራው ሲላጭ፣ ሙሽሪት ስትለብስ፣ የሙሽሮቹ ፍራሽ ሲሰፋ ቫዮሊንና ላውቶ አይለዩም፤ ምስጋናውም ቀልዱም በስንኝ ይወርዳል። ትልቁ የውድድር ቀን ግን ካታክሊዝሞስ ነው። ትርጉሙ የጥፋት ውሃ ነው፣ የኖኅን ዘመን ያስባል። ከፋሲካ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ከጰራቅሊጦስ ጋር ይውላል። በባሕር ዳር ከተሞች ሕዝብ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ እርስ በርስ ውሃ ይረጫጫል። በላርናካ፣ ዘንባባ በተሰለፈበት ፊኒኩደስ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ መድረክ ይዘረጋል፤ ገጣሚዎችም ይጋጠማሉ።

ከቻቲስታ ጎን ሌላ የግጥም ሙያ ነበር፤ ሙያተኞቹ ፒዪታሪደስ ይባላሉ። በ1878 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ደሴቲቱን ከኦቶማኖች ሲረከቡ፣ በዚያው ዓመት ላርናካ ላይ ማተሚያ ቤት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ገጣሚው ረጅም ግጥሙን በርካሽ ወረቀት አሳትሞ ከበዓል ወደ በዓል እየዞረ፣ እያዜመ ይሸጥ ነበር። ግድያ፣ የተከለከለ ፍቅር፣ አደጋ፤ ጋዜጣ ማንበብ ለማይችል ገበሬ ዜናው ይኼ ነበር። ከዚያ በላይ የቆዩ ዘፈኖችም አሉ። በ14ኛው መቶ ዘመን በቆጵሮስ ከነገሠው፣ ከፈረንሳይ ከመጣው የሉዚኛን ቤት ንጉሥ ከጴጥሮስ ቀዳማዊ ጋር የሚያያዘው የአሮዳፍኑሳ ዘፈን፣ ንጉሥ ስለወደዳት ሴትና ስለ ንግሥቲቱ ቅናት ይተርካል፤ መጨረሻው ደም ነው።

ቋንቋው ራሱ አንድ ጉዳይ ነው። ቻቲስታ የሚገጠመው በአቴና ግሪክኛ ሳይሆን በቆጵሮስ ግሪክኛ ነው። የአቴናው «ቸ»ንና «ሸ»ን አያውቅም፤ የቆጵሮሱ ግን ሞልቶታል፣ ማጥበቅና ማላላትም እንደ አማርኛ አለው። ተማሪ ቤት የሚያስተምሩት የአቴናውን ስለሆነ የአያቶች ቃል ለረጅም ጊዜ እንደ ባላገር ንግግር ይታይ ነበር። መድረኩ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ያልተማረው ሽማግሌ ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ቃሉ ያለው እሱ ጋ ነው። ዩኔስኮ ቻቲስታን በ2011 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ለዘመናት የወንዶች መድረክ ሆኖ ቆይቶ አሁን ሴቶችም መግጠም ጀምረዋል፤ ይህ ከመዝገቡ በላይ ደስ ይለኛል።

ወጣቶቹም ቃሉን እየመለሱት ነው። በዚያው በ2011 በዋና ከተማዋ በኒቆስያ የተመሠረተው «ሙሲዩ ዱማኒ» የተባለ ቡድን በቆጵሮስ ግሪክኛ እየዘፈነ የደሴቲቱን አሮጌ ዜማ ከዛሬ ድምፅ ጋር አጋጥሞ ወደ ዓለም መድረክ ወጥቷል።

የቻቲስታ ቅጂ ካገኛችሁ፣ ቋንቋውን ባታውቁትም ቫዮሊኑን ተከተሉ። አንዱ ሁለት ስንኙን ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ባለው ክፍተት ዜማውን እየደገመ የሚሞላው እሱ ነው። ገጣሚው መልስ የሚሠራው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ቫዮሊኑ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ሲደግም ከሰማችሁ፣ አንዱ ቃል እየፈለገ ነው።