አይአርቢ ምንድን ነው? ፔስት ያደረግነው ኮድስ ለምን እምቢ ይላል?

አይአርቢ የሩቢ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መሞከሪያ ኮንሶል ነው። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትጫናላችሁ፣ መልሱ እዚያው ይመጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ኮፒ ያደረጋችሁትን ስትለጥፉበት ነው። ሩቢ ፋይልን ሙሉውን አንብቦ ነው የሚያስኬደው። አይአርቢ ግን ሐሳቡ የሞላ ከመሰለው ቀሪውን አይጠብቅም። ስለዚህ በነጥብ የሚጀምር መስመር ካለ፣ በቆዩት የአይአርቢ ቅጂዎች ከላይ ያለው ቀድሞ ይሮጥና ነጥቡ ብቻውን ይቀራል። ነጥቡን ወደ ላይኛው መስመር መጨረሻ ውሰዱት፤ ይሠራል። በኮዱ ውስጥ ያለ ታብም (የመስመር መግቢያ ክፍተት) እዚያው ያስቸግራል፤ ኮንሶሉ ማሟያ ቃል የፈለጋችሁ ይመስለዋል።

እኔን ብዙ ሰዓት የበላኝ ግን ትምህርተ ጥቅስ ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃዎች ቀጥ ያለውን " ወደ ጥምዙ “ ” ይቀይሩታል። ለዓይን ያው ነው። ሩቢ ግን «“ሰላም” የሚባል ተለዋዋጭም ሜተድም የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም በኮድ ውስጥ ስም የሚሰጣቸው ነገሮች ናቸው። ለምን በሉ? ሩቢ ከአስኪ (ከመሠረታዊዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ውጭ ያለን ምልክት ሁሉ የስም አካል አድርጎ ይቀበላል። ዋጋ = 5 ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ብትጽፉ የሚሠራውም ለዚሁ ነው! ከድረ ገጽ የሚመጣው የማይሰበር ክፍት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ባዶ ቢመስልም ለሩቢ ስም ነው። ስሕተቱ ባዶ የሚመስል ስም ከጠራባችሁ ክፍት ቦታዎቹን አጥፍታችሁ በእጃችሁ መልሳችሁ ጻፉ።

ምንም መልስ ሳይመጣ ዝም ካለስ? የመስመሩን መነሻ እዩ። በ > ፋንታ * ከታየ ያልተዘጋ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ «ኤንድ» (end) የሚለው መዝጊያ ቃል ተረስቶ ነው። " ከታየ ደግሞ ጥቅሱ አልተዘጋም። ኮንትሮልና ሲ ተጫኑ፣ የተጠራቀመው ይሰረዛል።

በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሩቢ 2.7 ብዙ መስመርን አንድ ላይ ማረም የሚያስችል አይአርቢ ይዞ መጣ። ረጅም ኮድ መለጠፍ ግን ይንቀራፈፍበት ነበር፤ በ3.0 በጣም ፈጠነ። የቆየ ቅጂ ላይ ከሆናችሁና ኮዱም ረጅም ከሆነ አትታገሉ። ፋይል ውስጥ አስቀምጡትና በ«ሎድ» (load) ትእዛዝ ጥሩት። ስሕተት ቢኖር እንኳ የመስመር ቁጥሩን ይነግራችኋል።