የድህረ ወሊድ ድብርት

ሕፃኑ ጠግቦ ተኝቷል። ቤቱ ጭጭ ብሏል። እናትየው ግን ዓይኗ ጣሪያው ላይ እንደተተከለ ነው፤ እንቅልፍ እንቢ ብሏታል። አራስ እንቅልፍ ማጣቷ ማንንም አይገርምም። ልጁ ተኝቶላትም መተኛት ሲያቅታት ግን ነገሩ ከድካም ያለፈ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ድንገት ማልቀስ አብዛኞቹን ወላዶች ያጋጥማል። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ ባንዴ ያሽቆለቁላሉ፤ የእንቅልፍ እጦቱም አለ። ይህኛው በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ድብርቱ ግን ይከርማል። በእርግዝና ጊዜ ሊጀምር፣ ከወለዱ ወራት አልፈውም ብቅ ሊል ይችላል።

ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም። አንዷ በትንሽ በትልቁ ትበሳጫለች። ሌላዋ ጡት ትሰጣለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፤ ግን የሌላ ሰው ልጅ ያቀፈች ይመስላታል። ከዚያ ጸጸቱ ይመጣል፦ «እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?» ሲጠይቋት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብላ ታልፋለች። ጠያቂውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጣው ልጁን ሊያይ ነው።

ስለዚህ በደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ድብርት ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤድንብራ መጠይቅ ያለፉትን 7 ቀናት የሚመለከቱ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። ውጤቱ ብቻውን ድብርት መሆኑን አያረጋግጥም። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርም ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ ሐኪም ደም ሊያስመረምር ይችላል።

ቀለል ያለው በንግግር ሕክምና ሊሻል ይችላል፤ ጠንከር ላለው መድኃኒት ይጨመራል። ብዙዎች ጡት ስለሚያጠቡ ፈርተው መድኃኒቱን ይተዋሉ። እንደ ሰርትራሊን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች ግን ወደ ወተት የሚያልፉት በጣም በጥቂቱ ነው፤ ሐኪምን ማማከር ነው። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ቤተሰብ «አይዞሽ» ከማለት ይልቅ ሌሊት ልጁን ተቀብሎ ለጥቂት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢያስተኛት ይጠቅማታል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከ1,000 ወላዶች 1 ወይም 2 የሚሆኑት ከእውነታው ይወጣሉ፦ የሌለ ድምፅ ይሰማሉ፣ ግራ ይጋባሉ፣ ሳይተኙም ድካም አያውቁም። እንዲህ ስትሆን፣ ወይም ራሷን አሊያም ልጁን መጉዳት ካሰበች፣ ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ማድረስ ነው።