የኢትዮጵያ የማዳበሪያ ኢንዱስትሪ፦ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጎዴ ጋዝ

ገበሬው ሲዘራ "ዳፕ" የሚባለውን ማዳበሪያ ያደርጋል፤ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ደግሞ ዩሪያ ይጨምርለታል። ዳፕ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ባለው ኤንፒኤስ ከተተካ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ በብዙ ቦታ አሁንም አለ። ስሙ ምንም ሆነ ምን፣ ሁለቱም ከውጭ ነው የሚመጡት። አብዛኛው ሕዝቧ በእርሻ የሚተዳደር አገር እስካሁን የራሷ የዩሪያ ፋብሪካ የላትም።

ማዳበሪያው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። ከዚያ በከባድ መኪናና በባቡር ወደ መሀል አገር ይገባል። ግዢውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ኮርፖሬሽኑ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ያስረክባል፣ ዩኒየኖች ለመሠረታዊ ማኅበራት፣ ማኅበራቱ ደግሞ ለገበሬው። ለ2017/18 የምርት ዘመን የታቀደው ግዢ ወደ 24 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። በጆንያ ሲቆጠር 48 ሚሊዮን ይሆናል። ይህን ሁሉ ጆንያ ክረምቱ ሳይገባ ገጠር ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዘገያል፤ ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ለሐምሌ ዘር የታሰበ ማዳበሪያ መስከረም ላይ ቢደርስ ለዚያ ዓመት ጤፍ ምንም አይፈይድም።

ዘመናዊ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው መድረስ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በስዊድን ድጋፍ አርሲ ውስጥ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች "ካዱ" የሚሉት፣ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ከብድር ጋር አያይዞ ለአነስተኛ ገበሬዎች አቀረበ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተቀያይረዋል። ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ መግዛት ግን አልተቀየረም።

ይህ ጥገኝነት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቅርብ ዓመታት አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ቀድሞም ሲንር የነበረው የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። መንግሥት በዚያው ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ድጎማ መደበ። በቀጣዩ ዓመት ክረምት አማራ ክልል ውስጥ እጥረቱ ስለባሰ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ ባሕር ዳር ሄዱ። ማሳው ለዘር ተዘጋጅቶ ሳለ ገበሬ ሥራውን ትቶ ከተማ የሚገባው የምር ሲጨንቀው ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያ በብር ሲሰላ ይበልጥ ተወደደ።

ታዲያ ለምን እዚሁ አይመረትም? ሁለት ጊዜ በትልቁ ተሞክሯል።

የመጀመሪያው ያዩ ነው፣ ኢሉባቦር ውስጥ። የአካባቢውን የድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ ቀይሮ በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ለማምረት ታቅዶ ነበር። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። ቢሊዮኖች ብር ፈሰሰበት፤ ውሉ ተነጠቀ፤ አንድ ጆንያ ዩሪያ ሳይወጣበት ቀረ። ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ማምረት ልምድ ላለው ኩባንያም ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሠርቶ ለማያውቅ ተቋም መስጠቱ ትልቅ ስህተት ነበር። ሌላም የሚያሳስብ ነገር ነበረ። የያዩ ጫካ የዱር ቡና መገኛ ነው፤ በዩኔስኮም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሁለተኛው የድሬዳዋው ነው። ኅዳር 2009 ዓ.ም. የሞሮኮ ንጉሥ መሐመድ 6ኛ አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት የሞሮኮው ኦሲፒ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ። ወጪው 3.7 ቢሊዮን ዶላር፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ምርት በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ተባለ። የፎስፈረሱ ግብዓት ከሞሮኮ፣ ጋዙና ፖታሹ (የፖታሲየም ማዕድኑ) ከኢትዮጵያ እንዲመጣ ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የኦጋዴን ጋዝ ያኔ ገና ከመሬት አልወጣም ነበር፤ ቧንቧም አልነበረም። እናም ፋብሪካው አልተሠራም።

አሁን ሦስተኛው ሙከራ ሶማሌ ክልል ውስጥ ጎዴ ላይ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕና የመንግሥት ኩባንያዎችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተፈራረሙ፤ የመሠረት ድንጋዩም ልክ በወሩ ተቀመጠ። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40 በመቶው የኢትዮጵያ። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል፣ በ40 ወራት ይጠናቀቃል ተብሏል። ዳንጎቴ ሌጎስ አጠገብ ሌኪ ላይ የዚሁ መጠን ፋብሪካ ሠርቶ በ2014 ዓ.ም. አስመርቋል። በያዩ የጎደለው ልምድ እዚህ አለ፤ እኔን ተስፋ የሚሰጠኝም ይህ ነው።

ጋዙ የሚመጣው እዚያው ኦጋዴን ውስጥ ካሉት የካሉብና የሂላላ የጋዝ ቦታዎች ነው። የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሬት ውስጥ ቆየ። ዩሪያ በአጭሩ ከጋዝና ከአየር የሚሠራ ነገር ነው። ከጋዙ ሃይድሮጅን፣ ከአየሩ ናይትሮጅን ተወስዶ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ዩሪያ ይወጣል። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጋዙ ስለሆነ፣ ደጁ ላይ ርካሽ ጋዝ ያለው ፋብሪካ ተወዳዳሪ የመሆን ዕድል አለው።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። 3 ሚሊዮን ቶን አገሪቱ ከምትጠቀመው ዩሪያ በላይ ነው። ትርፉ ወደ ውጭ መሸጥ አለበት፣ ጎዴ ግን ከባሕር ሩቅ ናት። ከጎዴ ጎጃም ወይም ወለጋ ማድረስም ከጅቡቲ ከማምጣት አያጥርም። ባቡር የለም፤ መንገዱ ጭነቱን የሚችል መሆን አለበት። ጸጥታውም አለ። በ1999 ዓ.ም. እዚያው ኦጋዴን ውስጥ አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰ ጥቃት ከ70 በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ተገድለዋል። የአካባቢው አርብቶ አደር ከጋዙም ከፋብሪካውም ምን እንደሚያገኝ ከወዲሁ በግልጽ መታወቅ ያለበት ለዚህ ጭምር ነው።

ደግሞ ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ 46 በመቶ። በዘር ወቅት የሚደረገው ኤንፒኤስ ፎስፈረስና ድኝ አለበት፤ ጎዴ ይህን አታመርትም። ወለጋ ውስጥ ቢቅላል ላይ የፎስፌት ክምችት እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል፤ ወደ ማዳበሪያ ግን አልተቀየረም። አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ፖታሽ አለ። የኖርዌዩን ያራን የመሳሰሉ የውጭ ኩባንያዎች ገብተውበት ነበር፤ ለገበያ የሚበቃ ምርት ሳይወጣ ቀረ። ስለዚህ ጎዴ ሥራ ቢጀምርም ለፎስፈረስ ዶላር ማውጣታችን ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሊወራለት የሚገባው ግን አፈሩ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው፤ በተለይ ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የሰሜን ምዕራብ ደጋማ አካባቢዎች። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የሚጨመረውን ፎስፈረስ አሉሚኒየምና ብረት አስረው ይይዙታል። ሥሩ አያገኘውም። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ዕዳው ግን ይከፈላል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ድንጋዩ በአባይ ሸለቆ ሳይቀር በብዛት አለ፤ ዶላር አይጠይቅም። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር እንደ አፈሩ 20፣ 30 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ከዩሪያ ጆንያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከባድ ጭነት ነው። ወፍጮው ካለበት እስከ ቀበሌው የሚያደርሰው መኪና፣ መኪናው የሚሄድበት መንገድና የትራንስፖርቱን ሂሳብ የሚሸፍን በጀት በብዙ ወረዳ ገና አልተገኘም።