የአንጎል ሞገድ እንደ ይለፍ ቃል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እርፍ በመጨበጥና በዶማ በመቆፈር የሻከረ የጎጃም ገበሬ ጣት አሻራ አንባቢ መሣሪያን ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ማንነትን ከአንጎል በሚነሣ ምልክት ማረጋገጥ ቢቻል የሚል ምኞት ማደሩ የሚያስገርም አይደለም። ሐሳቡ በቁም ነገር ሊጠና ይገባል፤ በተሳሳተ ግምት ላይ ከቆመ ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያው ገበሬ ላይ ነው።

«የአንጎል ሞገድ መሣሪያው ሐሳብን ያነባል፤ የሚስጥር ቁጥርን በልብ መጥራት ይበቃል» ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ራስ ላይ የመዘገበው፣ ዛሬ ኢኢጂ የምንለው ምልክት፣ የብዙ ነርቭ ሕዋሳት የኤሌክትሪክ ድምር ሲሆን፣ መጠኑም በማይክሮቮልት የሚለካ እጅግ ደካማ ነው። የማረጋገጫው ሥርዓት የሚመዝነው የታሰበውን ቁጥር ሳይሆን፣ አንጎል ለአንድ ሥዕል ወይም ድምፅ የሚመልስበትን ከሰው ሰው የሚለያይ አኳኋን ነው፤ ለምሳሌ ትኩረት የሚስብ ነገር ከታየ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚነሣውን ፒ300 የተባለ ሞገድ።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» የሚለውም ስሕተት ነው፤ በራስ ቆዳ ላይ የሚያርፉ፣ የኤሌክትሪክ ምልክቱን የሚቀበሉ ኤሌክትሮዶች ይበቃሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «የአንጎል ሞገድ አይሰረቅም» የሚለው ነው። ሞገዱ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ በኮምፒውተር የሚቀመጥና በኔትወርክ የሚላክ መረጃ ስለሆነ፣ እንደ ማንኛውም መረጃ ሊቀዳ ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ፦ በ2012 እ.ኤ.አ. ዩዜኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የደኅንነት ጉባኤ የቀረበ ጥናት፣ ለጨዋታ በሚሸጥ፣ ራስ ላይ በሚደረግ ርካሽ መሣሪያ ሥዕሎችን እያሳዩ የፒ300ን ምላሽ በመመዝገብ፣ የሰውን ባንክና የሚስጥር ቁጥሩን አኃዝ በዘፈቀደ ከመገመት በተሻለ ሁኔታ መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። የጣት አሻራ አንባቢ ከአሻራው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ይህ መሣሪያ ግን በር ጠባቂ ሆኖ ቆሞ ያልተጠየቀውን ሊሰበስብ ይችላል። በአንጻሩ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ የተሰረቀ አሻራን መለወጥ አይቻልም፣ የአንጎል ምላሽ ግን የሚታየውን ሥዕል በመቀየር እንደ አዲስ ሊመዘገብ ይችላል።

«መቶ በመቶ አይሳሳትም» የሚሉ ደግሞ በአሜሪካ በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን፣ 50 ሰዎችን ያለ ስሕተት የለየ ሙከራ ይጠቅሳሉ። ውጤቱ ትልቅ ቢሆንም በቤተ ሙከራ ሥርዓት የተገኘ ነው። እንቅልፍ፣ ድካም፣ የዐይን ጥቅሻና ከመብራት መስመር የሚመጣ የ50 ኸርዝ ረብሻ ምልክቱን ይለውጡታል። ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ የተቀባች የዳሞት ወይም የቢቸና እናት ዘንድ ሲደርስ፣ ኤሌክትሮዱ ከቆዳዋ ጋር በወጉ ለመገናኘት ይቸገራል። መመዘኛውን ቢያጠብቁት እሷን ራሷን ይመልሳል፤ ቢያላሉት ባዕድ ያስገባል። ስለዚህ አንድ የገንዘብ ተቋም ይህን ቴክኖሎጂ ቢያመጣ፣ ከሚስጥር ቁጥር ጋር ደርቦ እንጂ ብቻውን ሊጠቀምበት አይገባም፤ መሣሪያው ሳያውቃት ሲቀርም ገንዘቧን የምታወጣበት ሌላ መንገድ አስቀድሞ ሊዘጋጅላት ይገባል።