«አራት ነጥብ!»፦ የአባባሉ ትርጉም፣ መነሻና ምልክቱ ራሱ

«ሁለተኛ ብር አላበድረውም፤ አራት ነጥብ!» የሚል ሰው ስለ ሥርዓተ ነጥብ እያስተማረ አይደለም። ነገሩ አልቋል፣ ከእንግዲህ ልመናም ምክርም አልሰማም ማለቱ ነው። በወረቀት ላይ ዓይን ብቻ የሚያየውን፣ ሲነበብ ድምፅ የሌለውን ምልክት በስሙ ጠርቶ ጆሮ ላይ ማሳረፍ ነው የአባባሉ ጉልበት። ስሙም ቢሆን ሌላ ትርጉም የለውም፤ ነጥቦቹን መቁጠር ነው።

አባባሉ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ «አላበድረውም» ሲባል ሐሳቡ በራሱ ታስሯል። «አራት ነጥብ» ከዚያ በኋላ ይመጣል እንጂ «አራት ነጥብ አላበድረውም» የሚል የለም። ስለዚህ ለትርጉሙ የሚጨምረው አዲስ ነገር የለም፤ የተዘጋ በር ላይ መቀርቀሪያ መጣል ነው። ይህን ያልተረዳ ጸሐፊ በየአንቀጹ መጨረሻ ሲደጋግመው አባባሉ ይደነዝዛል። በአንድ ጽሑፍ አንዴ ይበቃል።

ከጎረቤቶቹ ጋር ማስተያየት ጥሩ ነው። «ወይ ፍንክች!» አቋምን አለመልቀቅ ነው፤ ክርክሩ ግን ሊቀጥል ይችላል። «ያበጠው ይፈንዳ» የሚል ሰው ደግሞ ውጤቱን አውቆ «ይምጣ» እያለ ነው። «አራት ነጥብ» የሚዘጋው ንግግሩን ራሱን ነው። ከሁሉም የሚቀርበው፣ ከሁሉም የሚርቀውም «እልባት» ነው። እልባት አንባቢ ያቆመበትን ገጽ እንዳይስት መጽሐፍ ውስጥ የሚያስገባው ምልክት ነው፤ «ነገሩ እልባት አገኘ» የምንለውም ከዚያ መጥቶ ነው። (ይኸው ቃል ዛሬ በኢንተርኔት ማሰሻዎች የአማርኛ ገጽታ ላይ የተቀመጡ ድረ ገጾች መጠሪያ ሆኗል።) ሁለቱም ከመጽሐፍ የወጡ ናቸው፤ ግን እልባት ተመካክረው የሚሰጡት ነው፣ አራት ነጥብ ደግሞ አንዱ ወገን ብቻውን የሚያኖረው። በዚህ የተነሳ ለአባት፣ ለእናት፣ ለአማት ወይም ለሽማግሌ አይባልም። ለሽምግልና የተቀመጡ ሰዎች ፊት «አራት ነጥብ» ያለ ሰው የተናገረው ትክክል ቢሆን እንኳ በአነጋገሩ ይወቀሳል፤ ለታላቅ «እኔ በበኩሌ ጨርሻለሁ» ማለት ይሻላል።

ወደ መነሻው እንሂድ። «ነጥብ» ከ«ነጠበ» ጋር ይዛመዳል፤ ከብዕር ጫፍ ጠብ ያለች የቀለም ጠብታ ናት። ከግዕዝ ፊደል በፊት በይሐ በሳባ ፊደል የተቀረጹት ጽሑፎች ቃልን ከቃል የሚለዩት ቀጥ ባለ መስመር ነበር። በብራና መጻሕፍታችን ይህን ሥራ የያዘው ሁለት ነጥብ (፡) ነው፤ ሐሳብ ሲያልቅ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል፣ አራት ነጥብ (።)። ቃል ሲያበቃ ሁለት፣ ዐረፍተ ነገር ሲያበቃ አራት፤ ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። ጸሐፊዎቹ ትልቅ ክፍል ሲጨርሱ በጥቁሮቹ ነጥቦች መካከል ቀይ ቀለም ጨምረው ምልክቱን ያደምቁታል። በኋላ በኅትመትና በኮምፒውተር ሁለት ነጥቡ ቦታውን ለባዶ ክፍተት ለቀቀ፤ ዛሬ የምናገኘው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና በቀድሞ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ነው። እጥፉ ግን ቀረ። አዲሱ ተማሪ «ለምን አራት?» ቢል አይፈረድበትም፤ መልሱ የነበረው ሁለት ነጥብ ከፊቱ ተነሥቷል።

ምልክትን በስሙ ጠርቶ ማንበብ በተማሪ ቤት የታወቀ ነው። የቃል ጽሕፈት ሲሰጥ አንባቢው «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ» እያለ ይጠራል፣ ተማሪው ምልክቱን ያኖራል። በጭቅጭቅ መሀል «አራት ነጥብ!» የሚለውም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ የሚጽፍለት ሰው አለመኖሩ ነው። አባባሉ እንደ ብዙዎቹ ተረትና ምሳሌ የእርሻና የከብት ሽታ የሌለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፊደል ከቆጠረ ሰው አፍ የወጣ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ነጥብ» ሌሎች ሥራዎችም አሉት። «ቡድኑ አራት ነጥብ ይዟል» የደረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ «አራት ነጥብ አምስት» ደግሞ 4.5 ነው። በንግግር የሚለያቸው ማሰሪያ ግሱና ዕረፍቱ ነው። አባባሉ ከግስ በኋላ፣ ትንሽ ቆም ተብሎ፣ ድምፅ ወርዶ ይመጣል፤ የአስርዮሽ ነጥብ ግን ያለ ዕረፍት ቀጣዩን ቁጥር ይስባል።

አራት ነጥብን ለአባባል ያበቃው አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከመዝጋት በቀር ሥራ የለውም። የላቲኑ ነጥብ (.) ዐረፍተ ነገር ይዘጋል፣ አስርዮሽ ይለያል፣ «ዓ.ም.» የመሰለ ምሕጻረ ቃል ውስጥ ይገባል፣ የድረ ገጽ አድራሻ ይሠራል። ስለዚህ ጽሑፍን በዐረፍተ ነገር የሚከፋፍል ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ነጥብ ባየ ቁጥር «ይህ መጨረሻ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መገመት አለበት። አማርኛ ላይ መገመት አይኖርበትም ነበር፤ ። ካለ አለቀ። ጥያቄንና አድናቆትን ? እና ! ይዘጋሉ፤ ለስላቅ ደግሞ የተገለበጠችው ¡፣ ትእምርተ ስላቅ የምትባለዋ፣ ነበረችልን፤ መጠቀም መተዋችን ያስቆጫል።

«መገመት አይኖርበትም ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስክሪን ላይ አራት ነጥብ የሚመስለው ሁሉ አራት ነጥብ አይደለም። ሦስት መንትዮች አሉ። አንደኛው እውነተኛው ። ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጋሩት የቁጥር ሥርዓት) ሲገባ የራሱን ቁጥር 1362ን አግኝቷል። ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ የሚገኘው ፡፡ ነው፤ ሁለት ባለ 1361 ምልክቶች ማለት ነው። ሦስተኛው ከእንግሊዝኛው ገበታ የመጣው :: ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች። ። ብለው የሚፈልጉ ሰው ፡፡ን አያገኙም፤ ዐረፍተ ነገር የሚቆጥር ፕሮግራምም ሁለት ገጽ ሙሉ ጽሑፍን «አንድ ዐረፍተ ነገር» ሊለው ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ጠቋሚውን ከምልክቱ ኋላ አቁመው ማጥፊያውን አንዴ ይጫኑ። ሙሉው ከጠፋ እውነተኛ ነው፤ ግማሹ ከቀረ መንትያ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከገበታ ነው። በድምፅ ቅርበት በሚጽፉ የአማርኛ ገበታዎች ላይ : ሁለት ጊዜ ሲመታ ፕሮግራሙ ወደ አንድ ። ይለውጠዋል። ጸሐፊው የውጭ ቃል ወይም ቁጥር ለማስገባት ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ መመለሱን ከረሳ ግን የሚቀረው :: ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ። በሌላ ገጽ ወይም በረጅም መጫን ስር ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ፊት ለፊት ያለውን ፡ ሁለቴ መታ ማድረግ ይቀላል። በማይክሮሶፍት ወርድ በዊንዶውስ የሚጽፍ ሰው 1362 ብሎ ጽፎ ወዲያው አልትና ኤክስን አብሮ ቢጫን ። ይወጣለታል።

የተጻፈን ለማረም «ፈልግና ተካ»ን ይክፈቱ። መጀመሪያ ፡፡ን በ። ይተኩ፤ በደንብ በተጻፈ ጽሑፍ ሁለት ነጥብ ተደርቦ ስለማይገኝ አደጋ የለውም። ቀጥሎ ድብልቆቹን (፡: እና :፡) ይተኩ፤ ከአንድ ጸሐፊ እጅ ሁለቱም ሊወጡ ይችላሉ። ከዚያ ::ን፤ ጽሑፉ ውስጥ የፕሮግራም ኮድ ካለ ግን «ሁሉንም ተካ» ሳይሉ አንድ በአንድ እያዩ። ነጠላውን : በጅምላ አይንኩ፤ 3:30ንና የድረ ገጽ አድራሻን ያበላሻል። በመጨረሻ ከ። በፊት የገባውን ክፍተት ያጥፉ። ይህ ብዙዎች የሚንቁት ነው፤ ክፍተት ካለ ምልክቱ ከቃሉ ተነጥሎ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ራስ ሊወርድ ይችላል። መስመር በ። አይጀመርም።

ለስልክ መልእክት ልዩነቱ በገንዘብ ይቆጠራል። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል፤ ከ70 ሲያልፍም ተቆርጦ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። ክፍተቱን ጨምሮ 69 ምልክት ያለው መልእክት በ። ቢዘጋ ልክ 70 ነው። በ፡፡ ቢዘጋ 71 ይሆንና የሁለት መልእክት ሂሳብ ይቆረጥበታል።