ትራይኬር ምንድን ነው? ጡረታ ለወጣ ወታደርና ለቤተሰቡ

ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው አንድ ወዳጅ አለኝ። ሃያ ዓመት በአሜሪካ ጦር አገልግሏል። በቀደም ቤቱ ቡና እየጠጣን ሚስቱ ጀበናውን መልሳ እየጣደች፣ «ከወጣህ በኋላ የልጆቹ ሕክምና እንዴት ነው የሚሆነው?» አለችው። «ምን ይሆናል? ትራይኬር አለን አይደል፤ የዕድሜ ልክ ነው» አላት።

ውሸት አልነገራትም። አንድ ነገር ግን እሱም አያውቅም ነበር። ጡረታ በወጣ ማግስት ትራይኬር በራሱ ተከትሎት ቤት አይገባም። ጡረተኛው ራሱ መርጦ፣ ተመዝግቦ፣ መዋጮ መክፈል ሲጀምር ነው የሚያገኘው።

ለመሆኑ ትራይኬር ምንድን ነው? የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደሮች፣ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው። በ1966 ቻምፐስ በሚል ስም ከተቋቋመ ፕሮግራም የመጣ ሲሆን የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1990ዎቹ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ በርካታ ፕላኖች አሉ። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ምርጫ የለበትም፤ ፕራይም የሚባለው ውስጥ ይገባል። ለራሱም ለቤተሰቡም የምዝገባ መዋጮ አይከፍልም። ሃያ ዓመት እንዲህ የኖረ ቤተሰብ ኢንሹራንስ መምረጥ የሚባለውን ጣጣ ከየት ያውቀዋል?

በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ «ቬተራን» እና «ጡረተኛ» ሲምታቱ አያለሁ። አራት ዓመት አገልግሎ በክብር የተሰናበተ ሰው ቬተራን ነው፤ ትራይኬር ግን ይዞ አይወጣም። ይዞ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላው ነው። ከዚያ በታች ቢሆንም 30 በመቶና ከዚያ በላይ የአካል ጉዳት ተመዝኖለት በሕክምና ጡረታ የወጣም ያገኛል። ቪኤ የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚያክመው ራሱን ወታደሩን ነው። ሙሉ በሙሉና በቋሚነት ጉዳተኛ ለሆነ ሰው ቤተሰብ፣ ትራይኬር ከሌላቸው፣ ቻምፕቪኤ የሚባል ፕሮግራም አለ። ከዚያ ውጪ «ቪኤ አለኝ» ብሎ ዘና ያለ አባወራ ልጁ የታመመ ዕለት ይደነግጣል። ጡረተኛው ቪኤንም ትራይኬርንም አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። ሚስቱና ልጆቹ የሚጠለሉት ግን በትራይኬር ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዲቪ ደርሶት መጥቶ በግሪን ካርድ ወታደር ቤት የገባ ሰው ሞልቷል። በ2009 በተጀመረው ማቭኒ በሚባለው ምልመላ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ያን ጊዜ ገብቶ እስካሁን ያልወጣ ሰው በ2029 ሃያ ዓመት ይሞላዋል። ብዙ ቤት ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ ነው።

መጀመሪያ የሚታወቀው ቀነ ገደቡ ነው። ከጡረታው ቀን ጀምሮ ለመመዝገብ 90 ቀን አለ። ያ ያለፈበት ሰው ጡረታ ከወጣ 12 ወር እስኪሞላው ድረስ «ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መዝግቡኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ የኋላውን መዋጮም ይከፍላል። እሱም ካመለጠ የሚቀረው በጦር ሆስፒታል ቦታ ሲገኝ መታከም ነው። «ቦታ ሲገኝ» በሚል ተስፋ ደግሞ ልጅ ማሳደግ አይቻልም። ቀጣዩ በር በየዓመቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ የሚከፈተው ምዝገባ ነው፤ ኖቬምበርና ዲሴምበር መሆኑ ነው። ያኔ ቢመዘገቡም ኢንሹራንሱ የሚጀምረው በጃንዋሪ 1 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ። ዕድሜው 65 ያልሞላ ጡረተኛ ፊት የሚቀርቡት በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ፕራይምና ሴሌክት።

ፕራይም ውስጥ የተመደበልዎ አንድ ዋና ሐኪም አለ። እሱ ወይ ቤዝ (የጦር ሰፈር) ላይ ባለ የጦር ሆስፒታል የሚሠራ ነው፣ ወይ ከትራይኬር ጋር ውል ያለው ሲቪል ሐኪም ነው። ስፔሻሊስት ዘንድ ለመሄድ የእሱ ሪፈራል፣ ማለትም የመላኪያ ወረቀት፣ ያስፈልጋል። ሪፈራል ሳይዙ ዘው ብለው ከሄዱስ? መጀመሪያ ለብቻው የተቀመጠ ዲደክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ) ይከፍላሉ፤ ከዚያ የሂሳቡን ግማሽ። ይህ ገንዘብ ቤተሰቡ በዓመት ከኪሱ ከሚያወጣው ጣሪያም አይቆጠርም። በደንቡ ከሄዱ ግን ወጪው ትንሽና የሚታወቅ ነው። በ2018 ለዋናው ሐኪም 20፣ ለስፔሻሊስት 30 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጥቂቱ ከፍ ብሏል። ችግሩ ፕራይም የትም አለመኖሩ ነው። በቤዞች ዙሪያና በተወሰኑ አካባቢዎች ብቻ ነው ያለው። ከሐኪምዎ ከግማሽ ሰዓት መንገድ በላይ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ርቀቱን አውቄ ተቀብያለሁ ብለው መፈረም ይኖርብዎታል። ከ100 ማይል ካለፈ እሱም አይሆንም።

ሴሌክት እንደ ባሕርይው ለቀቅ ያለ ነው። ሐኪምዎን ራስዎ ይመርጣሉ። ለአብዛኛው ሕክምና ሪፈራል የለም። ቆዳዬን አሳከከኝ ብለው በቀጥታ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዝ ይችላሉ። በምትኩ ዲደክቲብል አለ፤ ከ2018 በፊት ወታደር ቤት ለገባ ጡረተኛ ለአንድ ሰው 150፣ ለቤተሰብ 300 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላም በየሕክምናው ድርሻዎን ይከፍላሉ። ሐኪሙ ኔትወርክ ውስጥ ከሌለ፣ ማለትም ከትራይኬር ጋር ውል ከሌለው፣ ድርሻው ይወፍራል።

ያቺ 2018 ራሷን የቻለች ድንበር ናት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 በፊት የገባው «ግሩፕ ኤ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ የገባው «ግሩፕ ቢ»። ታሪፋቸው ይለያያል። ዛሬ ሃያ ዓመት ሞልቶት የሚወጣው ሁሉ ኤ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የሚያዩት ዋጋ ካስደነገጠዎ መጀመሪያ የማንን ሰንጠረዥ እንደሚያነቡ ይዩ።

መዋጮውስ? በ2021 ለግሩፕ ኤ ቤተሰብ ፕራይም በዓመት 606 ዶላር ነበር፤ ሴሌክት ደግሞ 300። ሴሌክት ከዚያ ዓመት በፊት ለእነዚህ ጡረተኞች የምዝገባ ክፍያ አልነበረውም፤ ሲጀመር ብዙ ሰው ተቆጥቷል። ሁለቱም እየጨመሩ ነው፤ ፕራይም በ2024 ለቤተሰብ 726 ደርሷል። ገንዘቡ ከጡረታ ደመወዝ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። ቤተሰቡ በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ጣሪያም አለው፤ በዚያው በ2021 ለፕራይም 3,000፣ ለሴሌክት 3,500 ዶላር ነበር። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ያደረ ሰው የዚህን ጣሪያ ዋጋ ያውቀዋል።

ቁጥሩን ያየ ሁሉ «ሴሌክት ይረክሳል» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ከመዋጮው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ቤታችሁ ከቤዙ ምን ያህል ይርቃል? ማን ነው የሚነዳው? ቤት ውስጥ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበት አለ? ዲሲ አካባቢ ባለው በዎልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ወይም በፎርት ቤልቮር ቤዝ አጠገብ የሚኖርና በየወሩ ሐኪም ቤት የሚመላለስ ቤተሰብ ፕራይም ውስጥ ቢገባ ከጭንቀት ይገላገላል። ከቤዝ ርቆ ለሚኖር፣ ቶሎ ቶሎ ለማይታመም፣ ወይም ለዓመታት የለመደውን ሐኪም ለማይለቅ ሴሌክት ይስማማዋል። ደግሞ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ፕላን ውስጥ እንዲገባ አይገደድም። አባት ፕራይም፣ እናት ሴሌክት መሆን ይቻላል።

ለዲሲ አካባቢና ለሲያትል ሰው ሦስተኛ መንገድም አለ። ዩ ኤስ ፋሚሊ ሄልዝ ፕላን ይባላል። የፕራይም ዓይነት ሆኖ በተወሰኑ አካባቢዎች ብቻ በሲቪል የሕክምና ተቋማት የሚሰጥ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ዙሪያ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ በሲያትል አካባቢ ፓሲፊክ ሜዲካል ሴንተርስ ይሰጡታል። እዚያ የገባ ግን የጦር ሆስፒታልንና የቤዝ መድኃኒት ቤትን ይሰናበታል። የኋለኛው ቀላል ነገር አይደለም። ቤዝ ላይ መድኃኒት በነፃ ነው። በ2025 ኔትወርክ ውስጥ ካለ የሰፈር መድኃኒት ቤት የ30 ቀን ጀነሪክ (የንግድ ስም የሌለው) መድኃኒት 16 ዶላር፣ በፖስታ የሚመጣ የ90 ቀን ደግሞ 13 ዶላር ነበር።

የወዳጄ ሚስት ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ አላት። «ሁለቱንም ብንይዝስ?» አለች። ይቻላል። ያኔ የመሥሪያ ቤቷ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ትራይኬር የተረፈውን ያያል። ሌላ ኢንሹራንስ መኖሩን ለትራይኬር ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከደመወዟ በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው ከበዛ ግን ለምን ሁለት ጊዜ ይከፈላል? አንድ ወጥመድም አለ። ኤችኤስኤ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የጤና ቁጠባ የምትጠቀም ከሆነ፣ በትራይኬር የተሸፈነ ሰው እዚያ ውስጥ ገንዘብ መጨመር አይፈቀድለትም።

ልጆች እስከ 21 ዓመታቸው አሉበት። የሙሉ ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ከሆኑና ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን ወላጅ የሚችል ከሆነ እስከ 23። ግን ተማሪነቱ ዲርስ በሚባለው የመከላከያ መዝገብ ላይ በትምህርት ቤቱ ማስረጃ መሰፈር አለበት። አለዚያ ልጁ 21 በሞላው ዕለት ስሙ ይወጣል። ልደቱን አክብሮ ኢንሹራንሱን ማጣት ማለት ነው። ከዚያ እስከ 26 ያላገባ ልጅ ራሱን የቻለ ወርሃዊ ክፍያ ያለው ትራይኬር ያንግ አደልት አለለት። የእናቱ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ካለ ግን እዚያው እስከ 26 መቆየቱ ሊረክስ ይችላል፤ ማስላት ነው።

ዲርስ ላይ ያልተመዘገበ ሰው በትራይኬር ዘንድ የለም። የጋብቻና የልደት ወረቀታችን በአማርኛ ከሆነ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር በትክክል መመለሱንም በዓይንዎ ይዩ።

ከዚያ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴስ?» አለኝ። እናቱን ከደሴ ካመጣቸው ሦስት ዓመት ሆነ። እኛ ቤት እናት ቤተሰብ ናት፤ ትራይኬር ግን ቤተሰብ የሚለው ሚስትንና ልጆችን ነው። ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን የሚችል ከሆነ በጥገኛ ወላጅነት አስወስኖ መታወቂያ ሊያወጣላቸው ይችላል። ያ ግን የሚያስገኘው በጦር ሆስፒታል ቦታ ሲኖር መታከምን ነው፤ ውጭ ያለ ሐኪም ሂሳብ አይሸፍንም። 65 ያለፈው ባለ ግሪን ካርድ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ ሜዲኬርን፣ የመንግሥቱን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ በገንዘቡ መግዛት ይችላል። እስከዚያ ሌላ ኢንሹራንስ ሊፈልግላቸው ነው። ዝም አለ። ሚስቱ ስኒውን ሞላችለት።

ጥርስና ዓይን ለብቻው ነው። ከ2019 ወዲህ ፌድቪፕ በሚባል ፕሮግራም ይገዛል፤ ምዝገባው ከጡረታው 31 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 60 ቀን በኋላ ነው። ከ90ው ቀን ጋር እንዳይምታታ። በናሽናል ጋርድና በሪዘርቭ (በትርፍ ጊዜ የሚያገለግሉት የጦሩ ክፍሎች) አገልግሎ ጡረታ የወጣ ደግሞ ከ60 ዓመቱ በፊት ሙሉውን ዋጋ የሚከፍልበት ትራይኬር ሪታየርድ ሪዘርቭ የሚባል አለ። ውድ ነው።

65 ሲሞላ ነገሩ ይለወጣል። ትራይኬር ፎር ላይፍ ይመጣል፤ የራሱ መዋጮ የለውም። ነገር ግን የሜዲኬርን ክፍል ኤ (የሆስፒታሉን) እና ክፍል ቢ (የሐኪሙን) መያዝ ግድ ነው። የክፍል ቢ መደበኛ ክፍያ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር። በዕድሜ የምታንሰው ሚስት 65 እስክትደርስ በፕራይም ወይም በሴሌክት ትቀጥላለች።

«አዲስ አበባ ገብቼ ብኖርስ?» የሚለው ሕልም የሁላችንም ነው። ጡረተኛ ውጭ አገር ፕራይም አያገኝም፤ ሴሌክት ኦቨርሲስ ነው ያለው። ሐኪም ቤት በብር ከፍሎ፣ ደረሰኝና የክፍያ ማስረጃ ይዞ፣ ከሕክምናው ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ይጠይቃል። 65 የሞላውስ? ሜዲኬር ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፤ ትራይኬር ፎር ላይፍ ግን ይሠራል። የሚገርመው፣ የማይጠቀሙበትን ክፍል ቢ መክፈል ማቆም አይቻልም። ካቆሙ ትራይኬሩም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ወሰኑ። እሱ ቤልቮር ያለውን ሐኪሙን ይዞ ፕራይም ውስጥ ሊቆይ። ልጆቹም ከእሱ ጋር። እሷ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እኔ ሁለቱንም ልጅ ያዋለደችኝን ሐኪም ለማንም ብዬ አልለቅም» አለች። ሴሌክት ሆነ። ወዳጄ ተነስቶ ካላንደሩ ላይ 90ኛውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከበበው።